ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው መቼ ይወጣል?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ታላቅ ወንድሜ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ተገደለ። ገዳዩ በዚያው ሳምንት ተያዘ። ባለፈው ወር ዕድሜ ልክ ፅኑ እስራት ተፈረደበት። እኛ በቃ አለቀ ብለን ነበር። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤታችን ግን ‹ዕድሜ ልክ እኮ 25 ዓመት ነው› አለችን። የወንድሜ ጓደኛ ደግሞ ‹በአመክሮ በ20 ይወጣል› አለ። አሜሪካ ያለው አጎታችን ‹ዕድሜ ልክ ከሆነ ሬሳው ነው የሚወጣው› ብሎ ይከራከራል። እናቴ ለምን ሞት አልተፈረደበትም ብላ እህል አልቀምስ ብላለች። ባለፈው እሑድ በዚህ ላይ ከገዳዩ ቤተሰብ ሽማግሌ ተላከብን። እርቅ ብንፈርም ይፈታል? እውነቱ የቱ ነው?»

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። እናትዎንም ያጽናልን።

ከጎረቤትዎ ልጀምር። ተሳስተዋል፤ ግን ብቻቸውን አይደሉም። «ዕድሜ ልክ 25 ዓመት ነው» የሚለውን ከታክሲ ሾፌር እስከ ሕግ ተማሪ ሲናገረው ሰምቻለሁ። ስሕተቱ የመጣው ከወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 108 ይመስለኛል። እዚያ ላይ ፅኑ እስራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ይደርሳል ይላል። ሰው እስከዚህ ያነብና ይዘጋዋል። ቀጥሎ ያለው ግን ሕጉ በግልጽ በደነገገ ጊዜ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ሊሆን ይችላል ነው የሚለው። 25 ዓመት በቁጥር ለሚሰጥ ቅጣት ጣሪያ ነው። ዕድሜ ልክ ከዚያ ጣሪያ በላይ ያለ ሌላ ነገር ነው። ቁጥር የለውም። የሚያበቃበት ቀን ፍርዱ ላይ አይጻፍም።

የወንድምዎ ጓደኛ ከጎረቤትዎ የተሻለ ቀርቧል። ግን ግማሹን ነው የያዘው። አንቀጽ 202 እንዲህ ያደርጋል፦ በቁጥር የተፈረደበት ሰው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ከጨረሰ፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ደግሞ 20 ዓመት ከታሰረ፣ ፍርድ ቤት በአመክሮ ሊፈታው ይችላል። «ይችላል» የምትለዋን ቃል ይያዙልኝ። «ይፈታል» አይደለም። 20 ዓመት ሲሞላ በሩ በራሱ አይከፈትም። እስረኛው በሩን የማንኳኳት መብት ነው የሚያገኘው።

ሲያንኳኳ ደግሞ ይጠየቃል። ማረሚያ ቤቱ በጸባዩና በሥራው መታረሙን መመስከር አለበት። ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን ክሷል ወይ? ይህም ይታያል። ከወጣ በኋላ በሰላም ይኖራል ብሎ ለመገመት የሚያበቃ ነገር አለ ወይ? ዳኛው አይቶ ይወስናል። «ገና ነው» ሊልም ይችላል። ከተፈታም ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። የፈተና ጊዜ ይሰጠዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ካጠፋ ተመልሶ ይገባል።

ይህ ልዩነት ወረቀት ላይ ቀጭን ይመስላል። እስር ቤት ውስጥ ግን ትልቅ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ደንበኛዬን ልጠይቅ ማረሚያ ቤት ሄጄ ነበር። ልጁ 18 ዓመት ነው የተፈረደበት። አመክሮህ መቼ ነው ስለው ወሩንም ቀኑንም፣ የሚውልበትን ዕለት ሳይቀር ነገረኝ። ማክሰኞ ነው አለኝ። አጠገቡ ጠና ያሉ ሰው ተቀምጠው ዘንቢል ይሠራሉ። ዕድሜ ልክ ናቸው። የእርስዎስ ብዬ ጠየቅኋቸው። እጃቸውን ከሥራው ሳያነሡ «እኔ ቀን የለኝም። እኔ ያለኝ ማመልከቻ ነው» አሉኝ። ዕድሜ ልክን ከዚያ በተሻለ ያስረዳኝ የሕግ መጽሐፍ እስካሁን አላገኘሁም።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ። የእስር ጊዜ የሚቆጠረው ከፍርዱ ቀን አይደለም፤ ከተያዘበት ቀን ነው። ኅዳር 2014 ከተያዘ 20 ዓመቱ ኅዳር 2034 ይሞላል። ከዚያ በፊት በአመክሮ የሚወጣበት መንገድ የለም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሊወጣም ላይወጣም ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝን ነገር ልናገር። 25 ዓመት የተፈረደበት ሰው ሁለት ሦስተኛው 16 ዓመት ከ8 ወር ነው። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት በ20 ዓመት ይጠይቃል። ልዩነቱ 3 ዓመት ከ4 ወር! ችሎት ላይ «ዕድሜ ልክ» ሲባል ቤተሰብ በሁለቱም ወገን ይጮኻል፣ ሰው ራሱን ስቶ ይወድቃል። «25 ዓመት» ሲባል ግን እፎይ የሚል አለ። በካላንደር ሲሰላ ግን ሁለቱ ጎረቤታሞች ናቸው። በእኔ እምነት ይህ የሕጉ ጉድለት ነው። በሩ መኖሩን እደግፋለሁ። ርቀቱ ግን ከቅጣቱ ክብደት ጋር አይመጣጠንም።

በሩ ለምን ኖረ ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። ያው ሕግ አንቀጽ 539 ላይ ሁለተኛውን ንዑስ አንቀጽ ያንብቡ። ዕድሜ ልክ ታስሮ ሳለ ሌላ ከባድ ግድያ የፈጸመ ሰው ቅጣቱ ሞት ነው ይላል። አማራጭ አልተሰጠም። ለምን? ዕድሜ ልክ ላይ ያለ ሰው ላይ ሌላ ምን ይጨመርበታል? ሕጉ ራሱ የፈራው ይህንን ነው። ምንም የሚያጣው የሌለው ሰው ለጠባቂውም ለእስረኛውም አደገኛ ነው። በሩ ከሩቅም ቢሆን የሚታየው እስረኛ ግን ጸባዩን ይጠብቃል።

አጎትዎ ደግሞ የሚያወሩት ስለሚኖሩበት አገር ነው፤ በዚያ አገር ልክ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ አመክሮ የሌለው ዕድሜ ልክ የሚባል ቅጣት አለ። ከ50 ሺህ በላይ ሰው በዚያ ቅጣት ታስሯል። እነዚያ በእውነትም እስኪሞቱ ነው። ጀርመን ብንሄድ ሌላ ነው። እዚያ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1977 እ.ኤ.አ. ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው አንድ ቀን የመውጣት እውነተኛ ተስፋ ሊኖረው ይገባል ብሏል፤ ዛሬ መጠየቂያው 15 ዓመት ነው። ኖርዌይ ዕድሜ ልክ የሚባለውን ቅጣት ጭራሹኑ ሰርዛዋለች። ስለዚህ «ዕድሜ ልክ» ቃሉ አንድ ሆኖ ይዘቱ እንደ አገሩ ነው። የኛው መሐል ላይ ነው ያለው።

ስለ እናትዎ ጥያቄ ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ግን እውነቱን ልንገራቸው።

ከባድ የሰው ግድያ በአንቀጽ 539 ሁለት ቅጣት ብቻ ነው ያለው፦ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ሞት ለመፍረድ ግን አንቀጽ 117 ጠባብ በር አበጅቷል። ወንጀሉ ፍጻሜ ያገኘ፣ ወንጀለኛው በተለየ ሁኔታ አደገኛ፣ ሲፈጽምም 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። አንድም ማቅለያ መኖር የለበትም። እዚህ ላይ ነው አብዛኛው መዝገብ የሚቆመው። ከዚህ በፊት ወንጀል ያልሠራና ጸባዩ መልካም የነበረ ሰው ይህ ብቻውን ማቅለያ ሊሆነው ይችላል። የእናትዎ ልጅ ገዳይ የመጀመሪያ ጥፋቱ ከነበረ ዳኛው ሞት ያልፈረደው ለልጃቸው ነፍስ ዋጋ ስላልሰጠ አይደለም። ሕጉ እጁን ስለያዘው ነው።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ነፍሰ ገዳይ ለሟች ዘመድ ተላልፎ ይሰጥ ነበር። ዘመድ ከፈለገ ይገድላል፣ ከፈለገ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይተዋል። እናትዎ ውስጥ ያለው ስሜት ያ ነው፤ እንግዳ ነገር አይደለም። ዛሬ ያ ሥልጣን የሟች ዘመድ አይደለም። ሞት ቢፈረድ እንኳ ያለ ርእሰ ብሔሩ ማጽናት አይፈጸምም። ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ በፍርድ ቤት የተወሰነ ሞት ሲፈጸም አልሰማንም። ስንት ፍርደኛ ሞት ተፈርዶበት ዓመት ሲቆጥር ኖሯል!

የደርግ ባለሥልጣናትን መዝገብ ያስታውሱ። ይህን ለእናትዎ ያንብቡላቸው። ጥር 1999 ላይ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም በሌሉበት ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ያንሳል ብሎ ይግባኝ ጠየቀ። ግንቦት 2000 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት ቀየረው፤ አብረዋቸው የተከሰሱ ብዙዎችም ሞት ተፈረደባቸው። ከዚያስ? በ2003 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በእስር ላይ የነበሩትን የ23ቱን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ አወረዱት። እነዚያ ሰዎች የታሰሩት በ1983 ነው። ሒሳቡን እርስዎው ይሥሩት፤ 20 ዓመት ሞልቷቸዋል። በ2004 መጀመሪያ ብዙዎቹ በአመክሮ ወጥተው ቤታቸው ገቡ። ከሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ፣ ከዕድሜ ልክ ወደ 20 ዓመቱ በር። በዘር ማጥፋት የተፈረደባቸው ሰዎች የሄዱበት መንገድ ይህ ነው። ታዲያ እናትዎ የፈለጉት ፍርድ ቢሰጥም ኖሮ መጨረሻው እዚያው በር ላይ ላለመሆኑ ማንም ማረጋገጫ አይሰጣቸውም ነበር።

ይህ መዝገብ ሌላም ነገር ያስተምራል። አመክሮ፣ ይቅርታና ምሕረት በየቤቱ ይደባለቃሉ። ለየብቻ ናቸው። አመክሮ የፍርድ ቤት ነው። ይቅርታ የፕሬዚዳንቱ ነው፤ የይቅርታ ቦርድ መርምሮ ያቀርብላቸዋል። ምሕረት በአዋጅ ይመጣል፤ ጥፋቱን ራሱን ይፍቃል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ላይ ዘር ማጥፋትና መሰሎቹ ይቅርታም ምሕረትም አያገኙም ይላል። የሞት ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ ሊቀየር ግን ይችላል። የደርግ ሰዎች በዚህች ቀዳዳ ነው ወደ አመክሮ የደረሱት። «ይቅርታ ተደረገላቸው» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ተሳስቷል።

የእርስዎ ጉዳይ ተራ የወንጀል ጉዳይ ስለሆነ ይቅርታ አልተዘጋበትም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። ይቅርታ ደግሞ እንደ አመክሮ 20 ዓመት ላይ የታሰረ አይደለም። ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን ያስታውሷቸው። ሐምሌ 1999 ላይ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸው በዚያው ወር በይቅርታ ወጡ። ታኅሣሥ 2001 ላይ ይቅርታው ተሰረዘና ዕድሜ ልኩ እንዳለ ተመለሰባቸው። መስከረም 2003 ላይ እንደገና በይቅርታ ተፈቱ። ያ የፖለቲካ መዝገብ ነው፤ ከግድያ ጋር አላመሳስለውም። ያነሣሁት ይቅርታ ምን ያህል ፈጣን፣ ምን ያህልም ተመላሽ እንደሆነ ለማሳየት ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌዎቹ። ከጠየቁት ሁሉ በጣም አስቸኳዩ ይህ ነው። እንዲያውም ሌላውን ባያነቡ ይህን ያንብቡ።

እርቅ መፈረም ግድያን አያስፈታም። ግድያ በግል አቤቱታ የሚከሰስ አይደለም፤ ከሳሹ መንግሥት ነው። እናንተ ይቅር ብትሉ ፍርዱ አይሰረዝም። ግን ወረቀቷ ባዶ አይደለችም። ሽማግሌው ለምን አሁን መጣ? ፍርዱ ባለፈው ወር ነው የተሰጠው። ይግባኝ የሚባልበት ጊዜ ነው። ጥፋተኛው መጸጸቱና ጉዳቱን መካሱ በሕጉ ማቅለያ ነው። የእናንተ ፊርማ ከይግባኙ ጋር ተያይዛ ልትቀርብ ትችላለች። ለይቅርታ ቦርድም ትቀርባለች። ከዓመታት በኋላ ለአመክሮም ትቀርባለች። አንድ ወረቀት ሦስት ቦታ ይሠራል።

አትፈርሙ አልልም። እርቅ የኛ ነው፤ ደም እንዳይመላለስ ያደረገው ፍርድ ቤት ሳይሆን እርቅ የሆነበት አገር ብዙ ነው። ውሳኔው የቤተሰቡ ነው። የምለው አንብባችሁ ፈርሙ ነው። ሽማግሌ መመለስ ነውር ነው እየተባልን ስላደግን ሶፋ ላይ ተቀምጠን፣ ዳቦ ተቆርሶ፣ ሳናነብ እንፈርማለን። አንድ ጊዜ የሟች እናት የፈረሙባትን ወረቀት ፋይል ውስጥ አገኘሁ። «ተገቢውን ካሳ ተቀብለን ታርቀናል» ይላል። እናትየውን ስጠይቃቸው የተቀበሉት ነገር አንድ በግና የሽማግሌዎቹ ምርቃት ነበር። ፊርማው ግን የእሳቸው ነው። ወረቀቷ ላይ ካሳ የሚል ቃል ካለ የገንዘቡ ልክ በቁጥር ይጻፍ። ካልተቀበላችሁ አልተቀበልንም ተብሎ ይጻፍ። ኮፒ ሳትይዙ ማንም ከቤት አይውጣ።

ካሳ ካነሣን፣ ወንድምዎ የሚረዱት ሰው ከነበረ በፍትሐ ብሔር መጠየቅ ትችላላችሁ። ያጣችሁት መተዳደሪያ ይሰላል። ለኅሊና ጉዳት ግን ብዙ አትጠብቁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ያስቀመጠው ጣሪያ 1,000 ብር ነው። አዎ፣ አንድ ሺህ። በዚያ ዘመን ገንዘብ ነበር። ዛሬ ለአንድ እናት «ለኅሊና ጉዳትዎ አንድ ሺህ ብር» ብሎ ማንበብ እንዴት እንደሚከብድ ዳኞቹም ያውቁታል።

የእኔ ትልቁ ስጋት ስለዚህ 2034 አይደለም። ይግባኙ ነው። ተከላካዩ ምን ብሎ እንደሚከራከር ከወዲሁ ልንገርዎት፦ «ድንገተኛ ጠብ ነበር፣ አልተዘጋጀበትም፣ አንቀጽ 539 ሳይሆን 540 ነው።» እኔም ስከላከል ይህንኑ ነው የምለው። 540 «ተራ የሰው ግድያ» ይባላል። ነፍስ ጠፍቶ «ተራ» መባሉ ጆሮ ያማል፤ የሕግ ቋንቋ ነው። ቅጣቱ ከ5 እስከ 20 ዓመት ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት አንቀጹን ከቀየረ ትልቁን 20 ዓመት እንኳ ቢሰጠው ሁለት ሦስተኛው 13 ዓመት ከ4 ወር ነው። ያ መጋቢት 2027 ነው። ጎረቤትዎ ከፈሩት 25 ዓመት ጋር ያስተያዩት።

539ን ከ540 የሚለየው ነገር በመዝገቡ ላይ ያለ ነው። አስቀድሞ አስቦና ተዘጋጅቶ ነው? በጭካኔ ነው? በቡድን ነው? ሌላ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመደበቅ ነው? የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የትኛውን ይዞ እንደፈረደ ፍርዱ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ በዚህ ሳምንት የፍርዱን ግልባጭ ያውጡ። ከዚያ ጉዳዩን የያዘውን ዐቃቤ ሕግ ያግኙ። ይግባኝ ቀርቦ እንደሆነ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ይጠይቁ። እናንተ ተከራካሪ ስላልሆናችሁ መጥሪያ አይደርሳችሁም፤ እግራችሁ ነው መጥሪያው። ቀጠሮው ቀን ችሎት ሄዳችሁ ተቀመጡ። ዐቃቤ ሕጉ የሟች ቤተሰብ ከኋላው እንደተቀመጠ ሲያውቅ መዝገቡን አንብቦ ይመጣል።

ፍርዱ ከጸና ደግሞ የተያዘበትን ቀን ከወንድምዎ ፎቶና ከሞት ምስክር ወረቀቱ ጋር አብረው ያስቀምጡት። አመክሮ ሲጠየቅ የሟች ቤተሰብ ተጠርቶ ሲሰማ እኔ በያዝኋቸው መዝገቦች አላየሁም። ይህ የሚያሳዝን ነው። ግን ሰው በጽሑፍ «እኛም እንሰማ፣ ካሳም አልተከፈለንም» ብሎ ለፍርድ ቤቱና ለማረሚያ ቤቱ ሲያመለክት የከለከለው አላየሁም። ወረቀቷ ፋይሉ ውስጥ ከገባች ዳኛው ያያታል። ያኔ እርስዎ ካልቻሉ ከቤተሰቡ አንድ ሰው ይያዘው።

ግልባጩን ካወጡ በኋላ አንቀጹ ወይም ንዑስ ቁጥሩ ግራ ካጋባዎት መልሰው ይጻፉልኝ። ሽማግሌዎቹ የሚያመጡትን ወረቀት ደግሞ ሳትፈርሙ ፎቶ አንሥተው ቢልኩልኝ አየዋለሁ።